ከሳሽ ማን፣ ተጠሪ ማን? ለጀማሪ የሕግ ተማሪዎች የቃላትና የጽንሰ ሐሳብ መመሪያ

የሕግ ትምህርት የጀመረ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ደብተር ገዝቶ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ትርጉሙን ይጽፋል። ከዚያ ይሸመድዳል። ፈተናው ግን ትርጉም አይጠይቅም፤ ታሪክ ይዞ ይመጣል። አንዱ ቤት ሸጠ፣ ሌላው ቀብድ ከፈለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ቤቱ የእኔም ነው አለ። በዚህ ጊዜ የተሸመደደው ትርጉም የቱ ጋ እንደሚገባ ግራ ይገባል።

የሕግ ቃል ክብደቱ የሚታወቀው በሚያስከትለው ውጤት ነው። ስለዚህ አዲስ ቃል ባገኛችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቃል በሌላ ቢተካ ማን ምን ያጣል? ማን ምን ያገኛል? መልሱን ካወቃችሁ ቃሉ የእናንተ ሆኗል። መልሱን ሳታውቁ ትርጉሙን በቃላችሁ ብትወጡትም ገና አልያዛችሁትም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አራት ሕጎች እጃችሁ ላይ ይኑሩ፦ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፣ የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የ1958ቱ የፍትሐብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ያዙ። ክፍል ውስጥ የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራው ግን በአማርኛ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ፤ አምስተኛ ዓመት ላይ ልምምድ ስትወጡ ለመጀመር ከተነሳችሁ ይከብዳል።

አንደኛ፦ የያዛችሁት ምን ዓይነት ሕግ ነው?

ሁሉም ሕግ እኩል ጉልበት የለውም። ከላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 9 የበላይነቱን ይናገራል፤ ከእሱ ጋር የሚቃረን ሕግም ሆነ ልማዳዊ አሠራር ተፈጻሚ አይሆንም። ከሥሩ አዋጅ ይመጣል። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ መመሪያ ደግሞ በሕግ ሥልጣን የተሰጠው መሥሪያ ቤት ያወጣዋል።

ልዩነቱ ተግባር ላይ ምን ያመጣል? አንድ መሥሪያ ቤት በመመሪያ አንድ ክፍያ ጣለባችሁ እንበል። የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ክፍያው በዛ አልበዛ መሆን የለበትም። መመሪያውን እንዲያወጣ የትኛው አዋጅ ወይም ደንብ ሥልጣን ሰጠው? መመሪያው ከአዋጁ አልፎ ከሄደ ክርክሩ እዚያው ላይ ይጀምራል።

አዋጅና ደንብ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማሉ። መመሪያ እዚያ አይወጣም። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው፤ አማራ ክልል ዝክረ ሕግ፣ ኦሮሚያ መገለታ ኦሮሚያ ይሉታል። ነጋሪት ጋዜጣው ላይ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ከተገኘ የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው። ይህን የሚለው አዋጅ ቁጥር 3/1987 ነው። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛው ብቻ የተከራከራችሁበት አንቀጽ ችሎት ላይ ሌላ መልክ ሊይዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ብዙ ጀማሪ ያደናግራል። የአዋጅ ቁጥር ሁለት ክፍል አለው፤ ከጭረቱ በፊት ተራ ቁጥሩ፣ ከጭረቱ በኋላ ዓመተ ምሕረቱ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ በአማርኛው 1234/2013 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1234/2021። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛው 213/1992፣ በእንግሊዝኛው 213/2000 ነው። ሁለት ሕግ አይደሉም። የቤተሰብ ሕጉን ካነሳን አይቀር፣ ይህ አዋጅ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥቱ ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። ባሕር ዳር ላይ ለተነሳ የፍቺ ጉዳይ 213ን መጥቀስ የተለመደ የፈተና ስህተት ነው።

ሁለተኛ፦ አንቀጽን እንደ አንቀጽ ማንበብ

አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ፊደል ተራ። "አንቀጽ 80(3)(ሀ)" ሲባል ሦስቱም አሉበት። ስትጠቅሱ እስከ መጨረሻው ጥቀሱ። "አንቀጽ 80 እንደሚለው" ብሎ መጻፍ ዳኛውን ወይም መምህሩን ራስህ ፈልግ እንደማለት ነው።

አንቀጹ ውስጥ ትንንሽ የሚመስሉ ቃላት አሉ። ጉዳዩን የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። "ይችላል" ካለ ምርጫ አለ። "አለበት" ወይም "ይገባዋል" ካለ ምርጫ የለም። "ወይም" ካለ አንዱ ይበቃል፤ "እና" ካለ ሁሉም መሟላት አለበት። "ካልሆነ በቀር" ካለ ከፊቱ ደንብ፣ ከኋላው ልዩ ሁኔታ አለ።

ከሁሉም በላይ ሁለቱን ለዩ፦ "እንደተጠበቀ ሆኖ" እና "ቢኖርም"። "የአንቀጽ እንዲህ ድንጋጌ እንደተጠበቀ ሆኖ" ሲል ያ የተጠቀሰው አንቀጽ ይቀድማል፤ እያነበባችሁት ያለው ለእሱ ይገዛል። "የአንቀጽ እንዲህ ድንጋጌ ቢኖርም" ሲል ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ያሸነፈው እያነበባችሁት ያለው ነው። እነዚህ ሁለት ሐረጎች ከተምታቱባችሁ ልዩ ሁኔታውን ደንብ፣ ደንቡን ልዩ ሁኔታ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ።

አንድ አንቀጽ ስታነቡ ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች አውጡ፤ ቀጥሎ ሲሟሉ የሚመጣውን ውጤት። የፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 2028ን ውሰዱ። ሐሳቡ በአጭሩ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን ይካስ የሚል ነው። መሟላት ያለባቸው ጥፋት፣ ጉዳት፣ በሁለቱ መካከል ያለ የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ናቸው። ውጤቱ ካሳ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በዚህ ቁጥር መካስ የለም። የፍትሐብሔር ሕጉ 3367 ቁጥሮች አሉት። ሁሉንም መሸምደድ የሚያስብ የለም፤ መክፈት ከቻላችሁ ግን የማታውቁት ቁጥር አያስደነግጣችሁም።

ሦስተኛ፦ አንድ አደጋ፣ ሁለት መዝገብ

አንድ ሚኒባስ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ገጨ እንበል። ሰውየው እግሩ ተሰበረ። ሹፌሩ ተቀጣሪ ነው፤ መኪናው የሌላ ሰው ነው።

ከዚህ አንድ ክስተት ሁለት መዝገብ ይወጣል። አንደኛው የወንጀል ነው። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከሳሹ ሹፌሩ ነው። የተጎዳው ሰው እዚህ ምስክር ነው፤ የግል ተበዳይ ይባላል። የሚጠየቀው ሹፌሩ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት አድርሷል ወይ የሚለው ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣት ይከተላል።

ሁለተኛው የፍትሐብሔር ነው። እዚህ ከሳሹ ራሱ የተጎዳው ሰው ነው። የሚጠይቀው ካሳ ነው። ተከሳሹ ደግሞ ሹፌሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ባለቤቱም አለ። የፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም። ይህ ያለ ጥፋት ኃላፊነት ይባላል። ቅድም ያየነው 2028 ጥፋትን ይፈልግ ነበር። አሁን ጥያቄያችንን እናንሳ፦ ኃላፊነቱ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ሳይሆን ያለ ጥፋት ቢሆን ማን ያተርፋል? ተጎጂው። የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጉዳቱንና በመኪናው መድረሱን ካስረዳ ይበቃዋል። ባለቤቱ ማምለጥ የሚችለው ሕጉ በጠቀሳቸው ጥቂት ምክንያቶች ነው።

እዚህ ላይ "ጥፋተኛ" እና "ኃላፊ" ይለያያሉ። ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ጥፋተኛ ግን ላይሆን ይችላል። የፍትሐብሔር መልሳችሁ ውስጥ "ባለቤቱ ጥፋተኛ ነው" ብላችሁ ከጻፋችሁ 2081ን አልገባችሁም ማለት ነው።

ሹፌሩ በወንጀሉ ነጻ ቢወጣስ? ካሳው አበቃ ማለት አይደለም። የፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 2149 በወንጀል ነጻ መባሉ የፍትሐብሔሩን ፍርድ ቤት ጥፋት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ አያስገድደውም ይላል። አንዱ ምክንያት የማስረጃ ምዘናው ልዩነት ነው። በወንጀል ዐቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በፍትሐብሔር ግን የማን ማስረጃ ሚዛን ደፋ የሚለው ይበቃል።

የማስረዳት ሸክም ማን ላይ ነው የሚለውንም ከዚሁ ጋር ያዙት። በወንጀል ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(3) ተከሳሹን ነጻ ሆኖ እንደሚገመት አድርጎ አስቀምጦታል። በውል ጉዳይ ደግሞ ግዴታው ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። የለም፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ተለውጧል የሚል ደግሞ ይህን ያስረዳል፤ ቁጥር 2001 ነው። ብድር ተበድሬ ነበር ግን መልሻለሁ ያለ ሰው በራሱ አፍ ሸክሙን ወደ ራሱ ወሰደ ማለት ነው። ጥሩ ጠበቃ ደንበኛው ይህችን ዓረፍተ ነገር ከመናገሩ በፊት ደረሰኝ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

አራተኛ፦ ሰው፣ ችሎታ፣ ይዞታ

በሕግ "ሰው" ሲባል ሁለት ነው። አንዱ የተፈጥሮ ሰው፤ ከልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ነው። ሌላው ሕጋዊ ሰውነት የተሰጠው ድርጅት፤ እንደ አክሲዮን ማኅበር ያለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ዕዳ ካለበት ከሳሹ መክሰስ ያለበት ማኅበሩን ነው። ሥራ አስኪያጁን በግሉ ከከሰሰው ክሱ በተሳሳተ ሰው ላይ ቀርቧል ተብሎ ሊመለስበት ይችላል።

መብት ያለው ሁሉ ግን ራሱ መዋዋል አይችልም። ይህን የሚለየው "ችሎታ" የሚለው ቃል ነው። በሕግ ችሎታ ሙያ ወይም ጉብዝና ማለት አይደለም፤ ሕጋዊ ተግባር ራስን ችሎ ለመፈጸም መቻል ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ የቤት ባለቤት መሆን ይችላል፤ በውርስ ሊያገኘው ይችላል። መሸጥ ግን ብቻውን አይችልም። በእሱ ስም የሚሠራው ሞግዚቱ ነው። ሰፈር ውስጥ ሞግዚት ሲባል ሕፃን የምትይዝ ሠራተኛ ናት፤ ፍርድ ቤት ሲባል ግን በልጁ ስም የሚፈርምና የሚከራከር ሰው ነው።

ንብረት ላይ ሦስት ቃል ለዩ። ባለቤትነት ከሁሉም ሰፊው መብት ነው። ይዞታ ንብረቱን በእጅ አድርጎ ማዘዝ ነው። የመጠቀም መብት ደግሞ በሌላው ንብረት መገልገል ነው። በእኛ አገር ይህ ልዩነት መጽሐፍ ላይ የሚቀር አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መብት የይዞታና የመጠቀም ነው። ከተማ ውስጥም "መሬት ገዛሁ" ይባላል እንጂ ሕጉ የመሬት ሽያጭን አያውቅም። "መሬቱን ሸጠለት" የሚል ጥያቄ ሲመጣ እዚያው ቆም በሉ።

አምስተኛ፦ ውል፣ በቀብድ በኩል

ውልን በደንብ የሚያስተምር ምሳሌ ቀብድ ነው። ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሕጉን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አንዲት ሴት ቤት ልትገዛ ተስማማች። ዋጋው ስምንት ሚሊዮን ብር ነው። ቀሪውን በሁለት ወር ልትጨርስ አራት መቶ ሺህ ብር ቀብድ ሰጠች። ደላላው ባለበት ወረቀት ተጻፈ፤ ሁለት ምስክር ፈረመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻጩ የተሻለ ገዢ አገኘና ትቼዋለሁ አለ።

ብዙ ሰው ወዲያው "እጥፍ ይመልሳል" ይላል። ትክክል ነው፤ የፍትሐብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ ይመልሳል ይላል። በዚህ ስሌት ስምንት መቶ ሺህ ብር ታገኛለች። የሕግ ተማሪ ግን ወደ 1885 ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ለመሆኑ ውል አለ ወይ?

ቁጥር 1678 ለውል መኖር የሚያስፈልጉትን ይዘረዝራል። ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው፣ ፈቃዳቸውም ጉድለት የሌለበት መሆን አለበት። ውሉ የተደረገበት ጉዳይ በበቂ የተወሰነ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት። ሕጉ የተለየ ፎርም ካዘዘ ፎርሙ መሟላት አለበት። ጉዳያችንን አንድ በአንድ አስገቡበት። ሁለቱም ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው። ያስገደደ፣ ያታለለ የለም። ቤቱ ይታወቃል፤ ዋጋው ይታወቃል። ፎርሙስ?

ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይፈልጋል። በዕለት ተዕለት አነጋገር ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈራረም ማለት ነው። የእኛ ወረቀት ደላላው ቢሮ ነው የተፈረመው። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ረቂቅ ነው እንጂ ውል አይደለም ይላል። የሻጩ ጠበቃ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ዋናው ውል ከሌለ ቀብዱ በምን ላይ ይቆማል? የተቀበልኩትን ብቻ ልመልስ ይላል። የገዢዋ ጠበቃ በበኩሉ ሻጩ መሸጡን አልካደም፣ ገንዘቡንም መቀበሉን አምኗል ብሎ ይከራከራል። የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ ያለን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት፣ በ1723 ላይ በተለያየ ጊዜ ትርጉም ሰጥቶበታል። ስለዚህ አንቀጹን ብቻ ይዛችሁ አትቁሙ፤ ውሳኔዎቹን ፈልጉ።

"እጥፍ ይመልሳል" ብሎ የመለሰ ተማሪ ስለ ቀብድ ያውቃል። "ውል አለ ወይ" ብሎ የጀመረው ተማሪ ግን ሕግ እየተማረ ነው።

ከውል ሳንወጣ ሁለት ቃል እንለይ፤ ውል ማፍረስና ውል መሰረዝ። በመንገድ ንግግር አንድ ናቸው። በሕግ ግን ውል የሚፈርሰው ሲመሠረት ጀምሮ ጉድለት ስላለበት ነው፦ የፈቃድ ጉድለት፣ ማለትም ስህተት፣ ተንኮል ወይም የኃይል ሥራ፤ ወይም የችሎታ ማጣት፤ ወይም ሕገ ወጥ ጉዳይ። ውል የሚሰረዘው ደግሞ ሲመሠረት ደህና ሆኖ በኋላ አንዱ ወገን ስላልፈጸመ ነው። ለውጡ የት ይታያል? ተታልዬ ፈረምኩ የምትል ሰው ስለ ውሉ መወለድ ማስረዳት አለባት። አልፈጸመልኝም የምትል ሰው ስለ አፈጻጸሙ። ይህችኛዋ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅባታል፤ ዝም ብላ ውሉን ሰርዤዋለሁ ማለት አይበቃም።

ይርጋ፦ ሳይረፍድ የሚታይ ቃል

ይርጋ መብትን በክስ የመጠየቂያ ጊዜ ማለፉ ነው። በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ፣ ሌላ ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠለት፣ በቁጥር 1845 መሠረት አሥር ዓመት ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ በ2143 መሠረት ሁለት ዓመት ነው። ውል ይፍረስልኝ ለሚል በ1810 መሠረት ምክንያቱ ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው።

አሁን ከላይ ያየነው ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ይታያል። አንድን ጉዳይ "ውል" ካላችሁት አሥር ዓመት አለው። "ከውል ውጭ" ካላችሁት ሁለት ዓመት ብቻ። የሚኒባሱ ተጎጂ ሦስተኛው ዓመት ላይ ቢሮአችሁ ቢመጣ መጀመሪያ የምታሰሉት ይህንን ነው። ግን ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የ2143ን ሁለተኛ ንዑስ ቁጥር አንብቡ፦ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ካሳውም በዚያ ይሄዳል። ንዑስ ቁጥር ሳያነብ "በይርጋ ታግዷል" ያለ ሰው የሰውን መብት በአፉ አጠፋ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ሌባ ሁሉ ሌባ አይደለም

ወንጀል እንዲቋቋም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ሦስት ፍሬ ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፦ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊ፣ ሞራላዊ። ሕጋዊ ሲባል ድርጊቱን ወንጀል ያደረገ አንቀጽ መኖሩ ነው። ግዙፋዊ ሲባል የታየው ድርጊት ወይም ሳይደረግ የቀረው ነገር ነው። ሞራላዊ ሲባል የአድራጊው ሐሳብ ነው፤ አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት?

ሦስቱን በአንድ ሞባይል ላይ እንሞክራቸው። ታክሲ ውስጥ ከኪስ መዥርጦ የወሰደ ስርቆት ፈጽሟል፤ አንቀጽ 665። ጨለማ ውስጥ አንቆ የወሰደ ውንብድና ነው፤ 670። ሊጠግን ተቀብሎ የሸጠ እምነት ማጉደል ነው፤ 675። ኦሪጅናል ነው ብሎ አስመስሎ ባዶ ቀፎ የሸጠ ማታለል ነው፤ 692። ሰፈሩ አራቱንም ሌባ ይላቸዋል። ዐቃቤ ሕግ ግን አራት የተለያየ ክስ ይጽፋል። የሚያስረዳውም ይለያያል። በስርቆት ዕቃው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መወሰዱን ያስረዳል። በእምነት ማጉደል መጀመሪያ ዕቃው በፈቃድ መሰጠቱን፣ ከዚያ ለራስ መዋሉን። ጥገና የሰጣችሁት ሰው "ስልኩን በእጃቸው ነው የሰጡኝ" ቢል ከስርቆት ሊያመልጥ ይችላል፤ ለ675 ግን ራሱ ማስረጃ እየሰጠ ነው።

ሞራላዊው ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል። ጥያቄው ሰውየው ጥሩ ሰው ነው ወይስ መጥፎ የሚለው አይደለም። በድርጊቱ ጊዜ ውጤቱን ያውቅ ነበር ወይ? ፈልጎታል ወይስ ይሁን ብሎ ተቀብሎታል? ወይስ ማሰብ ሲገባው አላሰበም? አንቀጽ 58 እና 59ን አንድ ላይ አንብቧቸው፤ ተለያይተው አይገቡም።

ሰባተኛ፦ አንድ መዝገብ ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው

የሥነ ሥርዓት ቃላት በቅደም ተከተል ካልተያዙ አይያዙም።

ከሳሹ የክስ አቤቱታ ያስገባል። ሬጅስትራር ተቀብሎ መዝገብ ይከፍታል። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚያየው አቤቱታው የክስ ምክንያት አለው ወይ የሚለውን ነው። የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሕግ የሚሰጠው መፍትሔ ከሌለ የክስ ምክንያት የለም። ከዚያ ለተከሳሹ መጥሪያ ይደርሰዋል። መልስ ይሰጣል። ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

ተከሳሹ ወደ ዋናው ፍሬ ነገር ሳይገባ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማንሳት ይችላል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ላይ ተዘርዝረዋል፦ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ጉዳዩ ቀድሞ የተፈረደ ነው፣ በሌላ ፍርድ ቤት እየታየ ነው፣ ከሳሹ ለመክሰስ አይችልም፣ በይርጋ ታግዷል፣ በግልግል ሊታይ ይገባል። ሥልጣን ሲባል የሥረ ነገርና የአካባቢ ተብሎ ይለያል። የሥረ ነገር ሥልጣን ጉዳዩን ለማየት የትኛው ደረጃ ፍርድ ቤት እንደሚችል የሚለው ነው፤ ይህ ከሌለ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል። የአካባቢው በጊዜው ካልተነሳ ያልፋል።

መቃወሚያው ላይ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ከዚያ ጭብጥ ይመሠርታል። ጭብጥ ማለት ተከራካሪዎቹ ያልተስማሙበትና ውሳኔ የሚፈልገው ነጥብ ነው። አንዱ የሚለውን ሌላው ካመነ ጭብጥ የለም፤ ማስረጃም አይሰማበትም። ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ይሰጣል። በመሐል ለሚነሱ ነገሮች ትእዛዝ ይሰጣል፤ በእነሱ ላይ በመርህ ደረጃ ወዲያው ይግባኝ የለም፤ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ አብረው ይነሳሉ። የፍትሐብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

ፍርድ ከተገኘ በኋላ አዲስ ስሞች ይመጣሉ፤ የረታው የፍርድ ባለመብት፣ የተረታው የፍርድ ባለዕዳ። አፈጻጸም የሚባለው ሌላ መዝገብ ነው። ፍርድ አግኝቶ አፈጻጸም ያልከፈተ ሰው ወረቀት ብቻ ነው የያዘው።

በወንጀል በኩል አንድ ልዩ ደረጃ አለ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን ወይ በነጻ ያሰናብታል ወይ እንዲከላከል ብይን ይሰጣል። "ተከላከል ተባለ" ማለት "ጥፋተኛ ተባለ" ማለት አይደለም። ዜና ላይ ሁለቱ ሲምታቱ በየጊዜው ይታያል፤ እናንተ ግን አታምታቱ።

ስምንተኛ፦ የሰበር ውሳኔ ማንበብ

የመጨረሻው እርምጃ እስካሁን ያየናቸውን ቃላት በሙሉ በአንድ ላይ የምታገኙበት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ያርማል፤ ሥልጣኑ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(3)(ሀ) ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በቅጽ ይታተማሉ።

መጀመሪያ ስሞቹን አስተካክሉ። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው። ይግባኝ ላይ ይግባኝ ባይና መልስ ሰጪ። ሰበር ላይ አመልካችና ተጠሪ። በየደረጃው ቦታቸውን ይለዋወጣሉ። መጀመሪያ የተከሰሰው ሰው ሰበር ላይ አመልካች ሊሆን ይችላል። ወረቀት አውጡና በግራ አንዱን፣ በቀኝ ሌላውን ጻፉ፤ ከሥራቸው በየደረጃው የተባሉትን። "ግራ ቀኙ" ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው። "የሥር ፍርድ ቤት" ሲል ከሥሩ ያየውን ማለቱ ነው።

ቀጥሎ "ለሰበር ያስቀርባል" የተባለበትን ነጥብ ፈልጉ። ጭብጡ እዚያ ነው። ከእሱ በፊት ያለው ታሪክ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለው ትንታኔ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዝለሉና "ውሳኔ" የሚለውን አንብቡ፦ ጸንቷል፣ ተሻሽሏል ወይስ ተሽሯል? "ወጪና ኪሣራ የየራሳቸውን ይቻሉ" የሚለው ሐረግ በክርክሩ የወጣውን ወጪ እያንዳንዱ ራሱ ይሸፍን ማለት ነው፤ ስለ ንግድ ኪሳራ አይደለም።

አሁን ወደ መሐሉ ተመለሱና ችሎቱ ለየትኛው አንቀጽ ምን ትርጉም እንደሰጠ በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አስገዳጅ የሚሆነው እሱ ነው እንጂ አመልካቹ ስንት ብር እንዳገኘ አይደለም። ከዚያ ቀኑን ተመልከቱ። ችሎቱ የራሱን ትርጉም መለወጥ ይችላል። ስለዚህ በዚያው አንቀጽ ላይ ከዚያ በኋላ በወጡት ቅጾች ውስጥ ሌላ ትርጉም አለመሰጠቱን ሳታረጋግጡ ለፈተናም ለክርክርም አትጥቀሱት።